ከክት እስከ ማሰሻ፦ የአሮጌ ልብስ ታሪክ በኢትዮጵያ

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ሰሜኑ አገር ሸማኔዎች ሲያወሳ አንድ አሠራር መዝግቧል። ሸማኔው የሸማውን ጠርዝ በጥቁር ሰማያዊ ጥለት ማስጌጥ ሲፈልግ፣ ያንን ቀለም በአገሩ መንከር ስለማይችል፣ ከሕንድ ከሱራት የመጣ ሰማያዊ ጨርቅ ይዞ ይተረትረዋል። ክሩን ከጨርቁ ለቅሞ ያወጣና በሸማው ውስጥ እንደ አዲስ ይሸምነዋል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ አንድ ጊዜ ተሸምኖ ያለቀ ጨርቅ ፈርሶ የክብር ልብስ ጌጥ ይሆናል። የተሠራውን ጨርቅ አፍርሶ የተሻለ ነገር ማውጣት ዛሬ በፋሽን ዓለም እንደ አዲስ ግኝት ይወራል። በዚህች አገር ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የታወቀ የሸማኔ ሙያ ነበር።

ይህን ያነሣሁት «እኛ ቀድመናል» ለማለት አይደለም። ቀድሞ መገኘት ብቻውን ለማንም አይረባም፤ ሌሎች ሕዝቦችም የየራሳቸው የመጣፍና የመቀጠል ጥበብ ነበራቸው። ሊጠየቅ የሚገባው ያ ልማድ ለምን ጸና፣ በኋላስ ምን አናጋው የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሰውን ይከሳል፤ የዛሬ ሰው አባካኝ ሆነ፣ የጥንቱ ቆጣቢ ነበር ይባላል። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ላየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልብስ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአገልግሎት ወደ አገልግሎት ይዞር የነበረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በውስጡ ብዙ የሰው ድካም ስለነበረበት ውድ ነበር። ሁለተኛ፣ አሠራሩ ራሱ ለመፍታት፣ ለመቁረጥና ለሌላ ሥራ ለማዋል የሚመች ነበር። ልማዱን ያናጋው የሰው ጠባይ መለወጥ ሳይሆን የጨርቁ መለወጥ ነው። ስለዚህ «አሮጌ ልብስህን አትጣል» የሚለው ምክር ጨርቁንና የሠሪውን ዋጋ እስካልነካ ድረስ ብዙም አይራመድም።

ከድካሙ እንጀምር። ጥጡ ከማሳ ተለቅሞ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል፣ ልቃቂቱ ይጠራቀማል። ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ነበር፤ አንድ ጋቢ የሚያህል ፈትል ለማድረስ ከሌላው የቤት ሥራ ጋር ወራት ይፈጃል። ድሩ ጠንካራና ቀጭን፣ ማጉ ለስላሳና ወፍራም መሆን ስላለበት መፍተሉ ራሱ ሙያ ይጠይቃል። ሸማኔው ጋ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንዲህ የተሠራ ነገር ሀብት እንጂ ዕቃ ብቻ ሊሆን አይችልም። ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ዘመን በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ፣ ካጠፋው ንብረት መካከል ከእህሉ ጎን ጥጡን ጠቅሷል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከጎጃም ለንጉሡ ሲገባ ያየው ግብር በቅሎ፣ ፈረስና የጥጥ ልብስ ነበረበት። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን የቤት አገልጋይ የሚቀጠረው በቀለብና በልብስ ነበር፤ ልብሱ ደመወዙ ነበር ማለት ነው። እህል፣ በቅሎና ደመወዝ ሆኖ የሚቆጠር ነገር አንድ ቦታ ስለተቀደደ ብቻ አይጣልም።

የጨርቁ አሠራር ደግሞ ይህን የሀብት ጠባይ ያግዘዋል። ጋቢም ሆነ ነጠላ ተቀዶ፣ በሰውነት ልክ ተቆርጦ የሚሰፋ አይደለም። ከሸማኔው ጉድጓድ እንደወጣ ጎን ለጎን ይገጠማል፣ ይታጠፋል፣ ይለበሳል። ነጠላ ሁለት፣ ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ቡሉኮ ከዚያም ይከብዳል። በዘመናዊ ስፌት ከጥቅል ጨርቅ ላይ ልብስ ሲቆረጥ በግምት ከ10 እስከ 20 በመቶው ቁርጥራጭ ሆኖ ወለል ላይ ይቀራል። በሸማ ግን ከመጀመሪያው የሚቆረጥ ነገር ስለሌለ የሚወድቅም የለም። ሲያረጅም እጥፉ ይፈታል፤ የሳሳው ወገን ወጥቶ ደህናው ወገን ይቀራል፤ ትልቁ ለልጅ ልክ ይሆናል። በክትነት የጀመረ ጋቢ ከጥቂት ዓመት በኋላ የዘወትር ይሆናል፤ ከዚያ የሥራ፣ ከዚያ የሌሊት መኝታ፤ ከዚያ ለሕፃን መጠቅለያ ይቀደዳል፤ ሌላው ቁራጭ ጠላ ያጠላል፣ ሊጥ ይከድናል። መጨረሻው ምጣድ ላይ ነው፤ የጎመን ዘሩን ቅባት ይዞ ማሰሻ ሆኖ ያልቃል፣ አመዱም ከምድጃው አመድ ይቀላቀላል። በዚህ ጉዞ ውስጥ የቆሻሻ ክምር የሚባል ጣቢያ አልነበረም። ጉዞውን የሚቻል ያደረገው ግን ቁጠባ ብቻ አይደለም፤ ጨርቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ጥጥ መሆኑ ነው። ውኃ ይመጥጣል፣ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ እሳት ሲነካው አይቀልጥም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፦ ይህ ሁሉ ድህነት ነው፤ ሌላ ልብስ ያጣ ሰው የግዱን ያደረገውን እንደ ጥበብ መቁጠር የችግርን ዘመን ማስጌጥ ነው። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ድሪቶ ለብሶ ብርድ ያሳለፈ ገበሬ ስለ አካባቢ ጥበቃ እያሰበ አልነበረም፤ ቢያገኝ አዲስ ይለብስ ነበር፤ ማንም ወደዚያ ኑሮ ተመለሱ ሊል አይገባም። ነገር ግን ልማዱ የድሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሀብታሙ ቤትና በቤተ ክህነት አናገኘውም ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ያለው በብራና መጻሕፍት ሽፋን ውስጥ ነው። የመጽሐፉ የእንጨት ገበታ በቆዳ ሲለበስ የቆዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ከገበታው ውስጠኛ ፊት መካከል አራት ማዕዘን ቦታ ይተርፋል። ያንን ቦታ የሚሸፍነው ቁራጭ ጨርቅ ነው፤ አንዱ መጽሐፍ ላይ ከፈይ፣ ሌላው ላይ ሐር ወይም ወርቀ ዘቦ፣ ሌላው ላይ አበባ የታተመበት የሕንድ ጥጥ ይገኛል። ያቺ ትንሽ ቦታ ከሩቅ አገር ለመጣ ውድ ጨርቅ ማረፊያ ሆናለች፤ የዛሬ ተመራማሪዎች የጥንቱን የጨርቅ ንግድ ከእነዚህ ቁርጥራጮች እየተነሡ ያጠናሉ። ደጓሹ ይህን ያደረገው ጨርቅ ቸግሮት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቅዱስ ቃል የተጻፈበትን መጽሐፍ ውስጡን ለማስጌጥ የመረጠው ቁራጭን ነው። የነገሥታትና የመኳንንት ካባም እንዲሁ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥና የካህን ልብስ፣ የታቦት መጎናጸፊያ ወይም መጋረጃ ይሆናል፤ በድጋሚ ሲሠራ ማዕረጉ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ወርቀ ዘቦ የለበሰ መስፍን የቸገረው ሰው አይደለም።

ስለዚህ ቀድሞ ጨርቅን ከጥፋት ያዳነው ማጣት ብቻ ሳይሆን ዋጋውን ማወቅ ነው። ይህ ማለት ግን ያለፈው ዘመን ፍትሐዊ ነበር ማለት አይደለም፤ በዚህ ረገድ ታሪካችን አንድ ከባድ ነውር አለበት። ሸማው ሲከበር ሸማኔው ተንቋል። በጎንደር አካባቢ ሽመና በአብዛኛው የቤተ እስራኤልና የሙስሊም ሸማኔዎች ሙያ ነበር፤ በደቡብ የጋሞ ደጋ ሰዎች፣ በተለይ የዶርዜ ሸማኔዎች ስማቸው ገኗል፤ ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በኋላም አዲስ አበባ ገብተው በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ሥራ የመኳንንቱን ትከሻ አስጊጠው በስድብና በቡዳነት ስም ተገፍተዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። ሸማውን ያከበረ ማኅበረሰብ የሠሪውን እጅ አላከበረም። ይህ ለታሪክ ያህል የተጠቀሰ ጉዳይ አይደለም፤ በኋላ የመጣውን ውድቀት ለመረዳት ያስፈልጋል። ሙያው ክብር ስላልነበረው ርካሽ ጨርቅ ሲመጣ የሚሟገትለት ሰው አላገኘም።

ርካሹ ጨርቅ የመጣው በአቡጀዲ ስም ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የምሥራቅ አፍሪካን ገበያ አጥለቀለቀ፤ ኢትዮጵያም ገባ፣ ልብስም ድንኳንም ሆነ። የጂቡቲ ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ የጭነት ዋጋ ወደቀ፤ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ደግሞ የጃፓን ጥጥ ጨርቅ ሌሎቹን ሁሉ በዋጋ እያስወጣ ገበያውን ያዘ። ከዚያ የድሬዳዋ፣ የአቃቂና የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተተከሉ። የልብስ ስፌት መኪና በየከተማው ገባ፤ ኮትና ሱሪ ለመደ፣ ልብስ ተቆርጦ የሚሰፋ ነገር ሆነ። ብዙ ሰው የአሮጌ ልብስ ሥርዓት የፈረሰው ያኔ ይመስለዋል። አልፈረሰም፤ አዳዲስ እጆችን ጨመረ እንጂ። ሸማኔው የፋብሪካ ክር ለድር እየተጠቀመ ሥራውን ቀጠለ። ልብስ ሰፊው አዲስ ከመስፋቱ ጎን ፊቱ የነጣን ኮት ገልብጦ መስፋትን፣ የአንገትጌን የተበላ ወገን ወደ ውስጥ ማዞርን፣ የአባትን ሱሪ ለልጅ ማጥበብን ተካነበት። በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ መርካቶ ሲዛወርና በኋላም መርካቶ እየሰፋ ሲሄድ ምናለሽ ተራ የተጣለ ነገር ሁሉ እንደገና የሚወለድበት ሰፈር ሆነ፤ ከመኪና ጎማ በረባሶ፣ ከቆርቆሮ ምድጃ ወጣ። ልዋጮች ደግሞ በየመንደሩ እየዞሩ አሮጌ ልብስና ጫማ በብርጭቆና በፕላስቲክ ሳሕን ይለውጣሉ፤ የሰበሰቡት መርካቶ ደርሶ ይለያል፣ ይታጠባል፣ ይጠገናል፣ ተመልሶ ይሸጣል። ዛሬ በአውሮፓ በብዙ ገንዘብና በብዙ ጥናት ሊቋቋም የሚሞከረው የመሰብሰብ፣ የመለየትና የመጠገን ሰንሰለት አዲስ አበባ ላይ ያለ መንግሥት ድጎማ ቆሞ ኖሯል። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ምስጋና ሲገባቸው እንደ ሌባ ሲጠረጠሩና ከአጥር ሲባረሩ ማየት ያሳዝናል።

እውነተኛው ስብራት የመጣው በሰው ሠራሽ ክር ነው። ፖሊስተር ከነዳጅ የሚወጣ ፕላስቲክ ነው፤ ዛሬ በዓለም ከሚመረተው የልብስ ክር ከግማሽ በላይ እርሱ ሆኗል። ለክትነት የሚያንሰው ነገር የለም፤ ቀለሙ አይለቅም፣ አይጨማደድም፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ችግሩ ከክትነት ሲወርድ ነው። የፖሊስተር ቀሚስ ውኃ ስለማይመጥጥ ለሕፃን መጠቅለያም ለወለል መወልወያም አይመችም፤ ትኩስ ምጣድ ላይ ደግሞ ቀልጦ ይጣበቃልና ማሰሻ ሊሆን ከቶ አይችልም። ከጥጥ ጋር ተቀላቅሎ ሲሸመን ሁለቱን መለየት ስለሚያስቸግር በፋብሪካም መልሶ ክር ማድረግ አዳጋች ነው። የኤለን ማክአርተር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት ለልብስ ከሚውለው ጥሬ ዕቃ ተመልሶ ልብስ የሚሆነው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው። ያ መሰላል፣ ከክት እስከ ማሰሻ ያለው፣ የተሰበረው መካከሉ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ የላይኛው ደረጃ አለ፣ የታችኛዎቹ የሉም። የአገር ልብስ ራሱ ከዚህ አላመለጠም። ጥለቱ የሐበሻ ቀሚስን የሚመስል፣ ከውጭ በፋብሪካ ታትሞ የሚመጣ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከሽሮ ሜዳው ሥራ ጎን ተሰቅሎ በጥቂት ዋጋ ይሸጣል። ገዢዋን መውቀስ አይገባም፤ ኪሷ የሚችለውን ገዛች። ነገር ግን ያ ቀሚስ ከሁለትና ከሦስት በዓል በኋላ የሚሄድበት የለውም።

«እንግዲያው ሰልባጅ ምን ይሁን?» የሚል ይኖራል። ከአውሮፓና ከአሜሪካ በቦንዳ የሚመጣ አሮጌ ልብስ የድሃውን ገላ ሸፍኗል፤ የተለበሰውን ዳግመኛ ማስለበስ ራሱ ዑደት አይደለምን? በኢትዮጵያ ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ቦንዳው ግን በምሥራቁ ድንበር በኩል በኮንትሮባንድ መግባቱን አላቋረጠም፤ ፈላጊ አለውና። የሰልባጅን ጥቅም መካድ አይቻልም። የቦንዳው ዑደት ግን ከልዋጩ ዑደት በአንድ ነገር ይለያል። ልዋጩ የሚሰበስበው እዚያው ከተማ ውስጥ የተለበሰውን ነው፤ ጥሩውም መጥፎውም ለዚያው ኅብረተሰብ ይተርፋል፤ ስለዚህ የመጠገን ጥቅም ያለው እዚያው ነው። ቦንዳው ግን ሀብታም አገር ጠግቦ የተረፈውን ነገር ወደ ደካማ አገር ማውረጃ ነው፤ በውስጡ የማይለበስ ሲገኝ የሚቀበረው በተቀባዩ አገር መሬት ነው። የመምረጥ መብቱም እኩል አይደለም። ሩዋንዳ በ2016 እ.ኤ.አ. በአሮጌ ልብስ ላይ የምታስከፍለውን ቀረጥ በኪሎ ከ0.20 ዶላር ወደ 2.50 ዶላር ስታሳድግ፣ በአሜሪካ የአሮጌ ጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር አቤት አለ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የሩዋንዳ ልብስ ያለ ቀረጥ የሚገባበትን የአጎዋ ዕድል አገደ። ተቀባዩ አልፈልግም ሲል የሚቀጣበት ዝውውር ስሙ ዑደት ሊሆን አይገባም። ክልከላው ብቻውን ግን መፍትሔ አልሆነም፤ በርካሽ የሚለበስ ዘላቂ ልብስ በአገር ውስጥ ካልተገኘ ቦንዳው መንገዱን አያጣም።

ሌላው ተቃውሞ የሥራ ነገር ነው። ልብስ ረጅም ዕድሜ ካገኘ ፋብሪካ ምን ያመርታል፣ ወጣቱስ የት ይሠራል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሥራ አጥነት ባለበት አገር ስለ አካባቢ ብቻ መስበክ ልብ ያደርቃል። ነገር ግን በሐዋሳ የታየው መመዘን አለበት። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ፣ በአብዛኛው ሴቶች ለሆኑ ሠራተኞች በር ከፍቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመነሻ ደመወዛቸው ግን በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዓለም ካሉት ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ዝቅተኛው። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ ያ ሥራ ምን ያህል በሌሎች ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ እንደነበረ ታየ። ሸሚዙ በሀብታም አገር መደብር ርካሽ የሚሆነውና ሳይጠገን የሚጣለው፣ የሰፊዋ እጅ ርካሽ ስለሆነ ነው። የሸማኔው ንቀት በአዲስ መልክ ተመልሷል ማለት ነው። መጠገን፣ መገልበጥና ከአሮጌ አዲስ ማውጣት በአንጻሩ ከተራ ስፌት የበለጠ እጅና የበለጠ ብልሃት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ደንበኛውም እዚያው ሰፈር ያለ ሰው ነው። ፋብሪካውን ይተካል አልልም። በሥራ ፈጠራ ረገድ ግን የሚያንስ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው።

ከአሮጌ ጨርቅ የሚሠራ ፋሽን ዋጋው ከአዲስ ስለሚበልጥ የጥቂት ሀብታሞች ጌጥ ነው የሚሉም አሉ። ዛሬ ባለው ሁኔታ ትክክል ናቸው። ስም ያለው የልብስ ንድፍ አውጪ ከአሮጌ ጋቢ የሠራውን ጃኬት ለሁሉ ሰው ሊያለብስ አይችልም። ነገር ግን የዋጋው መብለጥ የሚነግረን ሌላ ነገር አለ፤ የእጅ ሥራ በተገቢው ሲከፈልበት ልብስ ምን ያህል እንደሚያወጣ። ታሪኩ እንደሚያሳየው ደግሞ ለብዙኃኑ የደረሰው ዳግም አገልግሎት የመጣው ከንድፍ አውጪ ሳይሆን ከሰፈር ልብስ ሰፊ፣ ከልዋጭና ከሸማኔ ነው። ስለዚህ ትኩረቱ ወደ እነርሱ ቢዞር ይሻላል። የሙያ ማሠልጠኛዎች መቁረጥና መስፋትን ሲያስተምሩ መተርተርን፣ መገልበጥንና መጣፍን እንደ ሙሉ ትምህርት ያስተምሩ። ሻጩ በጨርቁ ውስጥ ያለው ክር ጥጥ ይሁን ፖሊስተር በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ልብሱ ላይ እንዲጽፍ ሕግ ያስገድደው፤ ገዢው ሳያውቅ መምረጥ አይችልም። አንባቢም ለበዓል የአገር ልብስ ሲገዛ ሸማኔውን ድሩና ማጉ ምን እንደሆነ ይጠይቅ፤ ጥጥ ከሆነ በዋጋው ላይ አይከራከር። የከተማ አስተዳደሮች መርካቶንና ሌሎች ገበያዎችን አፍርሰው ሲሠሩ ደግሞ ለልዋጮች፣ ለአሮጌ ልብስ ጠጋኞችና ለምናለሽ ተራ ሠራተኞች ውኃ ያለው፣ ጣሪያ ያለው፣ በሕግ የተመዘገበ የመሥሪያ ቦታ ይስጡ።